ሐረጎ ላይ ወይራ ብዬ የቆረጥኩት ቁጥቋጦ ወይራ አይደለም፤ ታዲያ ምንድን ነው?

የጦሳ ልጅ | እሑድ፣ ምሽት 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በዚህ ጥቅምት ለዕፅዋት መለየት ኮርስ ሦስት ጊዜ ፊልድ ወጥተናል፤ መጀመሪያ ጦሳ፣ ቀጥሎ የጎፍ ደን፣ ትናንት ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ሐረጎ ላይ። መፍታት ያቃተኝ አንድ ተክል አለ። ግን ተክሉን ብቻ ብጠይቃችሁ ለምን እንደተሳሳትኩ አይገባችሁም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጦሳ ላይ ከአውቶቡስ እንደወረድን መምህራችን «ለአንድ ሰዓት የተክል ስም የሚጠራ እንዳልሰማ» አለን። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቅርንጫፍ አስያዘንና ያያችሁትን በአሥር መስመር ጻፉ አለ። እኔ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ቅጠሉ አረንጓዴ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አነበበውና ተራራውን በእጁ እያሳየ «እስቲ አረንጓዴ ያልሆነውን አሳዪኝ» አለኝ። አልተቆጣም፤ ወረቀቱን መለሰልኝና ወደ ሌላው ሄደ። እኔም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቅርንጫፉን እንደገና ማየት ጀመርኩ።

በእጄ የነበረው ድግጣ ነው፤ ያ ቢጫ አበባ የሚያወጣው። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቅጠሉን ግን አላውቀውም ነበር። ትንንሾቹን ሞላላ ነገሮች አንድ በአንድ ቅጠል እያልኩ ስቆጥር መምህሩ ተመልሶ መጣና «ብብቱን ፈልጊ» አለኝ። ቅጠል ከቅርንጫፍ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ልክ እንደ ሰው ብብት፣ እንቡጥ ይቀመጣል። ከትንንሾቹ ሥር እንቡጥ የለም። እንቡጡ ያለው ሁሉንም የተሸከመው ዘንግ ሥር ነው። ስለዚህ አሥራ ምናምን ቅጠል ብዬ የቆጠርኩት አንድ ቅጠል ብቻ ነበር። ይህን ትርጉም ለፈተና ሸምድጄ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ነው፤ በእጄ ሲገባ ግን አላወቅኩትም።

የጎፍ ላይ ያስደነገጠኝ ጽድ ነው። የቤታችን አጥር ጽድ ነው፤ ከጽድ ጋር ነው ያደግኩት። መምህሩ ሁለት ቅርንጫፍ አንሥቶ «አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» ሲለን አብዛኞቻችን አንድ አልን። ፍሬያቸውን እዩ አለን። የአንደኛው ፍሬ ሥጋ ያለው፣ ድቡልቡል፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ሆኖ ላዩ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ነጭ ነገር ለብሷል። የሌላው ደረቅ እንጨት ነው፤ ሲበስል እንደ ትንንሽ ጋሻ እየተለያየ ይከፈታል። ሥጋ ያለው የሐበሻ ጽድ፣ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ ነው። ደረቁ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጽድ፣ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ። የሐበሻው ጽድ ለጋ ሳለ ቅጠሉ መርፌ ነው፤ ሲያድግ ቅርፊት ይመስላል፤ አንዳንዴ ሁለቱም በአንድ ዛፍ ላይ ይገኛሉ። በቅጠል ብቻ የሄደ ይስታል ማለት ነው። ማታ ቤት ገብቼ ባትሪ ይዤ አጥሩ ሥር ፍሬ ፈለግኩ። የኛው ደረቁ ነው። እናቴ «እንግዲያ ይህን ሁሉ ዓመት በሌላ ሰው ስም ስንጠራው ነው የኖርነው?» አለች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ሐረጎ ላይ ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ከቁመቴ ትንሽ የሚበልጥ ቁጥቋጦ አገኘሁ። ቅጠሉ ጠበብ ያለ፣ ጠንካራ፣ ጫፉ ሾል ያለ። ገና ከሩቅ አይቼው «ወይራ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቆርጬም ፕሬስ (ናሙና በጋዜጣ መሃል ተጭኖ የሚደርቅበት) ውስጥ አስገባሁት። መምህሩ ደብተሬ ላይ ቃሉን አሰመረበትና ከጎኑ «ቅርንጫፉን እንደገና እይው» ብሎ ብቻ ጻፈ። አየሁት። ወይራ አለመሆኑ እየተሰማኝ ነው፤ ግን ለምን እንዳልሆነ መናገር አልቻልኩም፣ ሌላ ስምም አልመጣልኝም። ፎቶውን አያይዣለሁ። የሚያውቅ ይንገረኝ።

ኮምቦልቻ ነኝ | እሑድ፣ ምሽት 2፡48

ፎቶሽን ስልኬ ላይ ባለው የተክል መለያ አፕ አስገብቼ አየሁት፤ ወይራ ነው ይላል። እኔ ግቢዬ ውስጥ ያለውን ሁሉ በእሱ ነው የለየሁት፣ የወፍ ቆሎውንም በትክክል አውጥቶልኛል። መምህርሽ እንድታስቢ ብሎ ይሆናል እንጂ አልተሳሳትሽም።

ሌንስ በኪሴ | እሑድ፣ ምሽት 3፡30

የጦሳ ልጅ፣ አብሽሪ፤ መምህርሽ ጥሩ መምህር ነው። እኔ አዲስ አበባ የዕፅዋት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ እየሠራሁ ነው፣ አገሬ ግን ኩታበር ነው፤ ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። ምን እንደሆነ የምገምተው አለ። ግን ስሙን ከመናገሬ በፊት ሦስት ነገር መልሺልኝ።

ቅጠሎቹ በአንጓው ላይ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የተቀመጡት ወይስ አንድ በአንድ እየተፈራረቁ? ጫፉን አትዪ፤ ጫፍ ላይ ሁሉም ተጠጋግቶ ስለሚበቅል ያሳስታል። ከጫፉ ወደ ታች አራተኛውን፣ አምስተኛውን አንጓ እዪ።

የቅጠሉ ጀርባ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ፊቱና ጀርባው ይለያያሉ?

ስትቆርጪው ነጭ ወተት ወጣ? ሲታሽ ሸተተ?

ኮምቦልቻ፣ አፑ የወፍ ቆሎን ቢያውቅ አይገርመኝም፤ በዓለም ሁሉ የተዛመተ አረም ስለሆነ ፎቶው ብዙ ነው። የኛን ተራራ ቁጥቋጦ ግን ፎቶ ያነሣው ሰው ጥቂት ነው። አፑ ካየው ውስጥ የሚመስለውን ይሰጥሻል፤ ያላየውን ሊሰጥሽ አይችልም።

ኮምቦልቻ ነኝ | እሑድ፣ ምሽት 3፡41

ወንድ ነኝ ወንድሜ :) ነገሩ ገብቶኛል፤ ግን የምታውቀው ከሆነ ለምን አትነግራትም? ልጅቷ ነገ ክፍል አላት።

ሌንስ በኪሴ | እሑድ፣ ምሽት 3፡55

ይቅርታ ወንድሜ። የማልነግራት ለመኩራራት አይደለም። ስሙን ዛሬ ከነገርኳት ስሙን ታውቃለች፤ ነገ ሌላ ወይራ የሚመስል ነገር ሲገጥማት ግን እንደገና እዚሁ ናት። በዚያ ላይ እኔም ያየሁት ፎቶ ነው፤ ልሳሳት እችላለሁ። የሚዳስሰው እጅ የሷ ነው።

የጦሳ ልጅ | ሰኞ፣ ቀን 7፡20

ፕሬሱን ከፍቼ አየሁት። ቅጠሉ የሚፈራረቅ ነው፤ አምስተኛውም አንጓ ላይ አንድ ብቻ። ፊቱም ጀርባውም አንድ ዓይነት ነው፣ አመድ የነካው አረንጓዴ። ወተት የለውም፤ ሽታም ያን ያህል የለውም። ከዚያ ግቢያችን በር ላይ ካለው ወይራ አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ለምኜ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። የወይራው ቅጠል ጥንድ ጥንድ ነው፤ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ደግሞ ወደ ቡናማ ያደላል፤ በሌንስ ሲታይ ደቃቅ ቅርፊት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳይ እንዴት አንድ እንዳልኳቸው ገረመኝ። ለካ ወይራን እስከ ዛሬ ገልብጬ አላየሁትም።

የከፋው፣ የቆረጥኩት ቅርንጫፍ አበባም ፍሬም የለውም። የቸኮልኩት ወይራ ነው ብዬ ስላሰብኩ ነው፤ የማውቀው ነገር ስለመሰለኝ አልዞርኩትም። ቅዳሜ ተመልሼ እወጣለሁ።

ሌላም ላሳውቃችሁ። የጦሳዎቹ ናሙናዎቼ ከግማሽ በላይ ሻግተዋል። ጋዜጣውን ሦስት ቀን ሳልቀይር ተውኩት፤ በዚያ ሰሞን ደሴ ደግሞ ጉም አልተለየውም። ዳማከሴው ጠቁሮ ወረቀቱ ላይ ተጣብቋል።

ሌንስ በኪሴ | ሰኞ፣ ቀን 8፡05

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ይበቃል። በየመሃሉ ካርቶን አስገቢ፣ ቀበቶውን በደንብ አጥብቂ፣ ደረቅ ነፋስ ያለበት ቦታ አቁሚው። የአበባውን ቀለምና ሽታውን እዚያው ሜዳ ላይ ጻፊ፤ ሲደርቅ ሁለቱም ይጠፋሉ። ናሙና ቅጠል ብቻ ከሆነ ግማሽ ነው የምንለው ለዚህ ነው፤ አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ፈልጊ። ያልሽው ሁሉ ግምቴን አጠንክሮልኛል። ቅዳሜን እጠብቃለሁ።

ሰኞ ገበያ | ሰኞ፣ ምሽት 1፡15

እህቴ እኔ የተማርኩት ብዙ አይደለም፣ ሰኞ ገበያ አደስና አሪቲ እሸጣለሁ። ያልሽው ስለ ዳማከሴ ነገር ልቤን ነካው። አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ዕፅዋቱን የምለየው በአፍንጫዬ ነው፤ ዓይኔን ብትሸፍኚኝ አደስን ከጤና አዳም፣ ጥንጁትን ከጦስኝ እለያለሁ። ይህ በትምህርቱ ይቆጠራል?

የጦሳ ልጅ | ሰኞ፣ ምሽት 1፡40

እታለም፣ በጣም ይቆጠራል! መምህራችን ከዓይን ቀጥሎ የሚያዘን አፍንጫን ነው። ሽታው ከግንዱ ጋር ሲደመር ደግሞ ዝምድናውን ይነግራል። የጥንጁትንና የጦስኝን ለጋ ግንድ በሁለት ጣትሽ መሃል አንከባይው፤ ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው። ዳማከሴና በሶብላም እንደዚያው ናቸው። ቅጠላቸውም ጥንድ ጥንድ ነው። አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ነው። ጤና አዳም ግን ይሸታል እንጂ ግንዱ ክብ ነው፤ ቤተሰቡ የነሎሚና ብርቱካን ነው። አደስ ደግሞ የሌላ ነው፣ የባሕር ዛፍ ዘመድ። የአደስን ቅጠል ወደ ፀሐይ አድርገሽ ብታይው እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች ይታዩሻል፤ ሽታው ያለው ዘይት የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው።

ሰኞ ገበያ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡05

ወላሂ አየሁት! ይህን ሁሉ ዘመን ስሸጠው ነጥቦቹን አላየሁም። የባሕር ዛፍ ዘመድ ያልሽውን ግን ለደንበኞቼ ስነግራቸው እምቢ አሉ።

ጡረተኛው የኮምቦልቻ መምህር | ማክሰኞ፣ ቀን 9፡30

ልጆቼ፣ ይህን ውይይት ሳነብ ደስ አለኝ። ባዮሎጂ ለብዙ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እኛ ስንማር ፊልድ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም፤ ተክሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሣለ ነበር። የጦሳ ልጅ፣ ስለ ብብቱ የጻፍሽውን ቀድቼ ይዤዋለሁ።

ስለ አደሱ፣ እቴ ሰኞ ገበያ፣ ልጅቷ እውነቷን ናት። የባሕር ዛፉን ቅጠል ቢያሹት ነጥቡም ዘይቱም አለ።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ላንሣ። ግራርን አካሽያ አቢሲኒካ ብዬ አስተምሬአለሁ፤ አሁን የልጅ ልጄ ደብተር ላይ ቫቼሊያ አቢሲኒካ ተብሎ አየሁ። ዝግባውም ፖዶካርፐስ መባሉ ቀርቶ አፍሮካርፐስ ሆኗል ይሉኛል። የሐበሻ ስሙ አልተለወጠም፣ ሳይንሳዊ የተባለው ግን ይቀያየራል። ለተማሪዎቼ የአገር ቤቱ ስም ይለዋወጣል፣ የላቲኑ ግን ጽኑ ነው ብዬ ነበር የምነግራቸው። ምን ልበላቸው?

ሌንስ በኪሴ | ማክሰኞ፣ ምሽት 12፡50

የኔታ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው። የግራሩ ነገር እንዲህ ነው። አካሽያ ተብሎ ይጠራ የነበረው ትልቅ ቡድን በጥናት ሲታይ ከአንድ ዘር የወረደ ሆኖ አልተገኘም፤ መከፋፈል ነበረበት። ሲከፋፈል ስሙን ማን ይውሰድ የሚለው ክርክር አስነሣ። በ2005 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ ስሙ ብዙ ዝርያ ላለው ለአውስትራሊያው ቡድን እንዲቀር ተወሰነ፣ በ2011 ሜልቦርን ላይም ጸና። የአፍሪካዎቹ ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ሆኑ። ብዙ አፍሪካውያን አዝነውበታል፤ እኔም አዝኛለሁ፤ ግራር በኛ አገር እያለ ስሙ ባሕር ማዶ መሄዱ አይዋጥልኝም።

ግን የላቲኑ ስም የሚቀየረው ስለ ዝምድናው የምናውቀው ሲጨምር ነው። ናሙናው ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ውስጥ እስካለ ድረስ ስሙ ቢቀየር ተክሉ አይጠፋም። ብሔራዊ ሄርባሪየማችን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ እዚያ ገብቶ ያረጀ ወረቀት ላይ የተሰፋ ቅርንጫፍ ማየት ልዩ ስሜት ይሰጣል። ከጎኑ አንዱ ሰው የጻፈው ስም ተሰርዞ ሌላው የጻፈው አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሱ በታች። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ (የአገሩን ዕፅዋት የሚዘረዝር መጽሐፍ) ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጽ ሲጠናቀቅ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የገለጸው በእንዲህ ያሉ ወረቀቶች ላይ ቆሞ ነው። ለተማሪዎችዎ ጽኑው ስሙ ሳይሆን ናሙናው ነው ይበሏቸው፤ ዋሸኋቸው ብለው አይዘኑ።

ነርሷ | ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡00

እኔ ከሥራዬ አንጻር አንድ ነገር ልበል። በአካባቢያችን «የምች መድኃኒት» ሲባል አብዛኛው ሰው ዳማከሴ ማለቱ ነው፤ ግን በዚሁ ስም ሌላ ቅጠል ይዘው የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዱ ያለው ስም ለሌላው ሌላ ነገር ነው። ቁልቋልም እንደዚያ ነው። ፍሬው የሚበላው በለስ ቁልቋል ይባላል፤ ግንዱ እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የሚወጣውም ቁልቋል ይባላል። የኋለኛው ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። አንድ እረኛ ልጅ ዓይኑን ሸፍኖ ሲመጣ አይቻለሁ፣ አልረሳውም። ፊልድ የምትወጡ ልጆች የማታውቁትን ተክል ስትቆርጡ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ። ቀምሳችሁ ለመለየት ደግሞ ከቶ አትሞክሩ።

ጡረተኛው የኮምቦልቻ መምህር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡20

ነርሷ የተናገረችው የሚጻፍ ነው። እኔ ደግሞ እንዶድን ልጨምር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብዙ ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል። እሳቸው ግን ቆመው የሞተውን ቆጠሩ፣ ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን አነጻጸሩ። ከዚያ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ተገኘ። ቀጥሎም ተመራማሪዎች ከየቦታው የተሰበሰበ እንዶድ እያነጻጸሩ ሲመረምሩ ጉልበቱ እኩል አልሆነም፤ ዓይነት 44 የተባለው በልጦ ተገኘ። እንዶድ ያው እንዶድ ነው ብለው ቢተዉት አይገኝም ነበር።

የደን ጠባቂ ልጅ | ረቡዕ፣ ምሽት 2፡35

አባቴ የጎፍ አካባቢ ደን ጠባቂ ነበር። ልጆች ፊልድ ሲመጡ ደስ ይለናል፤ ግን የሚያናድደንም አለ። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አንዱን ቁጥቋጦ ገንጥሎ ገንጥሎ ባዶ አስቀርቶት ሲሄድ አይቻለሁ። ሃምሳ ተማሪ ሃምሳ ቅርንጫፍ አያስፈልገውም። ትንሽ ተክል ከሥሩ ከመንቀል በፊት ዙሪያውን ቁጠሩ፤ ሃያ ካላገኛችሁ አንዱን አትንቀሉ፣ ፎቶ አንሡና ጻፉ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግቢ ከሆነ ደግሞ አስፈቅዱ። የቀረን የድሮ ዛፍ ያለው እዚያ ነው፣ የቀረውም የሚያከብሩት ሰዎች ስላሉ ነው።

የጦሳ ልጅ | ረቡዕ፣ ምሽት 3፡10

ወንድሜ እውነትህን ነው፤ የጎፍ ላይ የኛ ቡድንም አንዱን ቀጋ እንደዚያ አድርጎታል። ከእንግዲህ በቡድን አንድ ናሙና እንዲሆን ለክፍል ተጠሪያችን እናገራለሁ።

የጦሳ ልጅ | ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡30

ሐረጎ ደርሼ መጣሁ! ከጓደኛዬ ጋር ጠዋት በታክሲ ሄድን። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ተነሥቶ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ያርፋል፣ ርቀቱ ግን 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ድሮ በመስኮት የማየው ገደሉን ነበር። ዛሬ ዕፅዋቱ ሲቀያየር አየሁት፤ ላይ ባሕር ዛፍና ጽድ፣ እየወረድን ስንሄድ ክትክታው እየበዛ፣ ግራሩ እየመጣ።

ቁጥቋጦውን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብን። ያን ጊዜ ቦታውን ወደድኩት እንጂ ምልክት አልያዝኩም ነበር፤ ይህንንም ተምሬበታለሁ። በመጨረሻ ሦስት አገኘን፣ አንዱ ፍሬ ነበረው። ቁጭ ብዬ አሥር መስመር ሳይሆን ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አበባው ደቃቅ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ፤ በሌንስ ካልሆነ አይታይም። ክፍሎቹን ስቆጥር አብዛኞቹ ሦስት፣ ጥቂቶቹ አራት ሆኑብኝ፤ ተሳሳትኩ ብዬ ጓደኛዬም ቆጠረች፣ እሷም እንደዚያው። ፍሬው ትንሽ ድቡልቡል፣ ያልበሰለው አረንጓዴ፣ የበሰለው ቀይ። የፍሬው ራስ ላይ ክብ ጠባሳ አለ፤ አበባው ተቀምጦበት የነበረ ቦታ ይመስላል። የቅጠሉ ጫፍ ላይ ደግሞ በጣት የሚሰማ ጥቃቅን ሹል አለ።

ስንጽፍ አንድ አባት ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ። «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» አሉን። ቅርንጫፉን ሳሳያቸው «ቀረጥ» አሉ። መጀመሪያ የጉምሩኩን ቀረጥ መስሎኝ ግራ ገባኝ። «ቀረጥ ነው ስሙ፤ አባቴ ቆዳ ያለፋበት ነበር» አሉኝ። እንዴት ከወይራ እንደሚለዩት ስጠይቃቸው አልመለሱልኝም፤ የወይራ ቅጠል ቆርጠው አመጡና ሁለቱን አንድ ላይ መዳፌ ላይ አስቀምጠው ገለበጧቸው።

ሌንስ በኪሴ | ቅዳሜ፣ ምሽት 2፡05

ቀረጥ! እኔም የገመትኩት እሱን ነበር። ኦሳይሪስ ኳድሪፓርቲታ፤ በሌሎች መጻሕፍት ኦሳይሪስ ላንሲዮላታ ይባላል። ቤተሰቡ ሳንታላሲየ ነው፣ የሰንደሉ ዛፍ ቤተሰብ። ኳድሪፓርቲታ ማለት «ባለ አራት ክፍል» ማለት ነው። አንቺ ግን የሚበዛውን ሦስት ብለሽ፣ ያየሽውን ነው የጻፍሽው፤ ስሙን ቀድሜ ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ አራት ብቻ ነበር የምታዪው ብዬ እፈራለሁ። ሁለቱም በዚህ ተክል ላይ ይገኛል። የፍሬው ራስ ላይ ያለውን ጠባሳ ማየትሽ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ፍሬው ከአበባው በታች እንደተሠራ ይነግርሻል። ወይራ እንዲህ አያደርግም።

ኮምቦልቻ ነኝ | ቅዳሜ፣ ምሽት 2፡20

እንኳን ደስ ያለሽ። አዲሶቹን ፎቶዎች ፍሬ ያለበትን ጨምሬ አፑ ውስጥ አስገባኋቸው፤ አሁንም ቀረጥን አላመጣም። ዛሬ ከሰዓት እኔም ግቢዬ ያለውን ጽድ ፍሬ ፈልጌ አየሁ፤ የሐበሻው ነው፣ ሰማያዊ ፍሬ አለው። ሚያዝያ ላይ ልቆርጠው አስቤ ነበር፣ ትቼዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሐረጎ ስትወጡ ከኮምቦልቻ በኩል ልምጣ?

የጦሳ ልጅ | ቅዳሜ፣ ምሽት 2፡26

ና! ሌንስ ግን ያዝ፣ ያለን አንድ ብቻ ነው።

ጡረተኛው የኮምቦልቻ መምህር | እሑድ፣ ጠዋት 3፡00

ልጄ ጎበዝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቀረጡ አጠገብ ምን ምን ነበር? የሰንደል ቤተሰብ ከሆነ ሥሩ የጎረቤቱን ሥር ይዞ ውሃና ማዕድን ይጠባል የሚል አስታውሳለሁ። ከሆነ ብቻውን ተገልጾ አያልቅም።

ሌንስ በኪሴ | እሑድ፣ ጠዋት 3፡40

የኔታ ትክክል ነዎት። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል፤ ሥሩ ግን ከጎረቤት ሥር ጋር ይጣበቃል። ግማሽ ጥገኛ የሚባለው ነው። ጎረቤቶቹን ጻፊ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው መስመር ነው።

የጦሳ ልጅ | እሑድ፣ ምሽት 1፡00

አልጻፍኩም ነበር፣ ፎቶዎቹ ውስጥ ግን አሉ። እያጎላሁ አንድ በአንድ ለየኋቸው። አንዱን ብቻ አላወቅኩትም፤ እሱን እንዳልታወቀ ጻፍኩት። መለያ ወረቀቱ እንዲህ ሆነ፦

ቁጥር 31። ኦሳይሪስ ኳድሪፓርቲታ፣ ሳንታላሲየ። የአካባቢ ስም፦ ቀረጥ (ፍየል ጠባቂ አባት እንደነገሩን)። ሐረጎ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ በላይ፣ ድንጋያማ ተዳፋት። ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ፣ ከሥሩ ብዙ ግንድ። ቅጠል ተፈራራቂ፣ ፊትና ጀርባው አንድ ቀለም፣ ጫፉ ሹል። አበባ ቢጫ አረንጓዴ፣ ባለ ሦስት፣ አልፎ አልፎ ባለ አራት ክፍል። ፍሬ ሲበስል ቀይ፣ ራሱ ላይ ክብ ጠባሳ። ጎረቤቶቹ፦ ክትክታ፣ አጋም፣ ወይራ፣ አንድ ያልታወቀ ሐረግ። ቀድሞ «ወይራ» ተብሎ የተመዘገበ፣ የተስተካከለ።